ፈተናው የቋንቋ ነው የመንገድ?

«እንግሊዝኛ የማይችል ልጅ ውጭ አገር ሄዶ ምን ሊማር ነው?» አሉኝ አንድ ትልቅ ሰው። ጋሼ፣ አለመቻሉን በምን አወቁ? «አይልትስ የለውማ!» የሌለው የአይልትስ ፈተና ውጤት ነው እንጂ እንግሊዝኛው አይደለም። ይቻል አይቻል ገና ማን ጠየቀው? መጠየቂያው ወንበር አዲስ አበባ፣ ልጁ ሞጣ፤ በመሀል 370 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድና የዓባይ በረሃ።

«370 ኪሎ ሜትር ምን አላት? ጧት ተነስቶ ማታ መግባት ነው» የሚል የአዲስ አበባ ልጅ አይጠፋም። ወንድሜ፣ አንተ ለፈተና የምትሄደው ከቦሌ ፒያሳ በታክሲ ነው። የሞጣው ልጅ ግንደ ወይንን፣ ደብረ ወርቅን፣ ብቸናን አልፎ ደጀን ሲደርስ ገና ግማሹን አልጨረሰም። ከዚያ ዓባይን ወርዶ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። ይህም መንገዱ ሰላም ከሆነ ነው። ግጭቱ ከተባባሰበት ከ2015 ክረምት ወዲህ በእኛ በኩል ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ሊዘጋ እንደሚችል የማያውቅ ተሳፋሪ የለም። የፈተናው ቀን ግን ቀድሞ ተከፍሎበት የተያዘ ነው፤ መኪና ቀረ ማለት ገንዘቡም ሄደ ማለት ነው። አልጋና ምግብ፣ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት ይጨመርበት። ልጁ ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ስለ እንግሊዝኛው የሚጠየቀው።

«መማር የፈለገ ይከፍላል!» እሺ፣ ስንት? አይልትስም ሆነ ሌላው የእንግሊዝኛ ፈተና ቶፍል ዋጋቸው 200 ዶላር ዙሪያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን አለፈ። ፈተናው አልከበደም፣ የልጁም እንግሊዝኛ አልቀነሰም፤ ክፍያው ግን በብር ሲታሰብ ወደ እጥፍ ሄደ። ብቸና ላይ የሚያስተምር ጀማሪ መምህር የወር ደመወዙን ምንም ሳይነካ ቢያስቀምጥ ለአንድ ፈተና አይበቃውም። ያውም ውጤቱ ዕድሜው 2 ዓመት ነው። ዘንድሮ ዕድል ያላገኘ፣ ከርሞም ያላገኘ ልጅ እንደገና ይከፍላል። ሁለት ዓመት ቢቆይ እንግሊዝኛው ከአፉ የሚተን ይመስል!

«ዱኦሊንጎ አለ አይደል? ከቤትህ ሆነህ ትፈተናለህ፣ ርካሽም ነው» ትላለች ውጭ ያለች እህታችን። እታለም፣ እውነትሽን ነው፤ ርካሽ ነው፣ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ውጤቱም በ2 ቀን ውስጥ ይደርሳል። እስቲ ብቸና ላይ ሆነን እንየው። በመጀመሪያ የሚከፈለው በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ነው፤ የእኛ ልጅ ካርድ ከሀገር ውጭ አይሠራም። ስለዚህ ውጭ ዘመድ ይፈለጋል፤ ዘመድ የሌለው ትርፍ ጨምሮ የሚከፍልለት ደላላ ይፈልጋል። ቀጥሎ ላፕቶፕ ይዋሳል። ካሜራው ፊቱን ማየት አለበት፤ ጆሮ ማዳመጫ አይፈቀድም፤ ሌላ ሰው ክፍሉ ከገባ ፈተናው ይሰረዛል፤ ዓይኑ ከስክሪኑ ደጋግሞ ከራቀ ይጠረጠራል። ስለዚህ እናት ከነቡናዋ ወደ ጎረቤት፣ ታናናሾቹ ወደ ሜዳ፣ ዶሮዎቹ ወደ ጓሮ። ልጁ ሰማያዊ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ወጥሮ ብቻውን ተቀመጠ። ጥያቄው በሰዓት ይሮጣል። አጋማሹ ላይ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው ቆየ፤ ዋይፋዩ ግን ከመብራቱ ጋር ሄደ። ይህ ልጅ የወደቀው በሰዋስው ነው?

መብራት ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ተቋርጦ ነው የቆየው። ኢንተርኔት በሌለበት ማመልከቻ የለም፣ ኢሜይል የለም፣ «ተቀብለንሃል» የሚል መልስ ቢመጣ እንኳ የሚያነበው የለም። የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ ደግሞ ለማንም አይጠብቅም፤ ቀኑ ሲያልፍ ይዘጋል። በዚያ ዓመት ዕድሉ ያመለጣቸው ልጆች ዛሬ በየሲቪያቸው ላይ አንድ ባዶ ዓመት አለባቸው። «እዚህ ላይ ምን ትሠራ ነበር?» ብሎ ለሚጠይቅ ቃለ መጠይቅ አድራጊ መልሱ አጭር ነው፦ ኔትወርክ እጠብቅ ነበር።

አሁን ወደ ቋንቋው እንግባ። «እኛ ቋንቋ እንመዝናለን እንጂ መንገድና መብራት አይመለከተንም» ይላሉ ውጭ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች። ይሁን። የኢትዮጵያ ተማሪ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም፣ ታሪኩንም፣ ሒሳቡንም የሚማረው በእንግሊዝኛ በተጻፈ መጽሐፍ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፈው፣ ፊት ቀርቦ የሚከራከረው በእንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈውም በእንግሊዝኛ ተፈትኖ ነው፤ በ2014 ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ በሆኑበት ፈተና። በዚያ ቀዳዳ ሾልኮ፣ ዲግሪውን ጨርሶ የመጣን ልጅ «እንግሊዝኛ ማወቅህን አስመስክር» ማለት ምን ማለት ነው? ምስክሩ እጁ ላይ ያለው ዲግሪ አይደለም?

«ኢትዮጵያ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር አይደለችም» ይላል የቪዛ ሰው። የአንተ ዝርዝር ግን የተናጋሪነት ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። የብሪታንያ መንግሥት ዜጎቻቸውን ከቋንቋ ፈተና ነጻ ያደረጋቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ጃማይካ አለች፣ ማልታ አለች፣ ጋያና አለች። እንግሊዝኛ የመንግሥት ሥራ ቋንቋቸው የሆነ ናይጄሪያና ጋና የሉም። ከአፍሪካ አንድም አገር የለም። ሌጎስ ላይ ፍርድ ቤቱ በእንግሊዝኛ እየፈረደ፣ ጋዜጣው በእንግሊዝኛ እየወጣ ዜጋው «ትችላለህ ወይ?» ተብሎ ከተጠየቀ፣ የሞጣው ልጅ ቅሬታ የብቻው አይደለም።

እዚህ ላይ አንዱ ከጎን፦ «እውነቱን እንነጋገር፤ የእኛ ተመራቂ እንግሊዝኛ ይችላል?» አለኝ። እንነጋገር። ብዙው የሚገባውን ያህል አይችልም። የፊዚክስ መምህሩ የአክስለሬሽንን ትርጉም በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ዞር ብሎ በአማርኛ ያስረዳል። ተማሪው የተጻፈውን ይገለብጣል፣ የተነገረውን ይረዳል፣ ለፈተና የተገለበጠውን ይሸመድዳል። 60 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል መምህሩ ሌላ ምን ያድርግ? እሱም የተማረው እንደዚያው ነው። እንዲህ ሆኖ ልጁ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ፣ 4 ወይም 5 ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ሲወጣ፣ በእንግሊዝኛ ለአንድ ደቂቃ ሳያቋርጥ ተናግሮ ላያውቅ ይችላል። ከዚያ አይልትስ ላይ ከፈታኝ ጋር ፊት ለፊት ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ተነጋገር ይባላል። የማዳመጡ ክፍል ደግሞ አንዴ ብቻ ነው የሚሰማው፤ አውስትራሊያዊውም ስኮትላንዳዊውም በየዘዬው ተናግሮ ያልፋል። ይህን ጉድለት አልሸፍነውም፤ ብሸፍነው የምጎዳው ልጁን ነው። ግን ይህ የማስተማር ጉድለት ነው፤ የማስተማር ጉድለት የሚታከመው በማስተማር ነው። ሌላ ፈተና፣ ሌላ ክፍያ መጨመር ምኑን ያድነዋል?

«ቋንቋ ሳይችል የገባ ይወድቃል፤ መጀመሪያ ይወቅና ይምጣ!» ይህችን ክርክር የብቸናና የሞጣ ሰው ዝም ብሎ ሊሰማት አይገባም፤ የምትፈርሰው እዚሁ በእኛው ደጅ ነውና።

የዲማ ጊዮርጊስን ቅኔ ቤት የማያውቅ የምሥራቅ ጎጃም ሰው የለም። ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ ድረስ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ወደ ጎጃም ቅኔ ቤቶች ሲጎርፍ የኖረው ምን ሊማር ነው? በአፍ መፍቻነት ማንም የማይናገረውን ግዕዝን። የኔታ ሲቀበሉት የግዕዝ ችሎታ ማስረጃ አምጣ አላሉትም። ዳዊት የደገመ ስለሆነ ንባብ ይችል ይሆናል እንጂ በግዕዝ አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሱ አውጥቶ አያውቅም። ተቀበሉት፣ ጎጆ ቀለሰ፣ ግስ ተማረ፣ አገባብ ተማረ። ከዚያ ጉባኤ ቃና ቁጠር ተባለ፤ ሁለት ቤት ብቻ። ሁለቷን ቤት የቻለ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ እያለ ይወጣል፤ መወድስ ላይ ሲደርስ ስምንት ቤት ይሸከማል። ቀን በየጥሻው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲቆጥር ይውላል፣ ማታ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያርማሉ። ሰምና ወርቁ ካልገጠመ ይመለሳል። የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ «የኔ ነው» ያለ በጓደኞቹ ፊት ያፍራታል፤ ቅኔ በየቀኑ አዲስ ነው። ይህ ተማሪ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ባልተወለደበት ቋንቋ ሊቃውንት ፊት ቆሞ ይቀኛል።

«ቅኔና አይልትስ ምን አገናኛቸው?» ይለኛል ችኩሉ። የአይልትስ የጽሑፍ ፈተና ያላየኸውን ርዕስ ሰጥቶህ በ40 ደቂቃ 250 ቃል ከራስህ አውጣ ይልሃል። ጉባኤ ቃና ማንም ያላላትን ሁለት ቤት ከራስህ አውጣ ይልሃል። ሁለቱም ሸምዳጁን ይጥሉታል። ልዩነታቸው፣ የኔታ መጀመሪያ ያስገቡሃል፣ ቀጥለው ያስተምሩሃል፣ ከዚያ ይመዝኑሃል፤ ዩኒቨርሲቲው ደጅ ላይ ይመዝንህና ሚዛን ያልደፋ ይመለስ ይላል። ይህን ሥርዓት ይዞ የኖረ አገር ልጅ «ቋንቋ ከመግባት በኋላ አይለመድም» ሲባል አንገቱን ሊደፋ አይገባም። ሀዲስ ዓለማየሁ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ የጎጃም ልጅ ናቸው፤ በ1950ዎቹ ለንደን ላይ አምባሳደር ሆነው አገራቸውን የወከሉት እሳቸው ናቸው። ከቅኔ ቤት ወደ እንግሊዝኛ ያለው መንገድ እሳቸው የሄዱበት ነው፣ ተረት አይደለም።

የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ለፈረንጅ አይሆንም የሚል ካለም፣ ፈረንጁ ራሱ ሲሠራበት ኖሯል። በደርግ ጊዜ ወደ ሶቪየት ኅብረት የተላኩት በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ራሽያኛ ችለው ነው የሄዱት? አንድ ዓመት መሰናዶ ገብተው ቋንቋውን ተማሩ፤ ቀጥለው ሕክምናውን፣ ምህንድስናውን በራሽያኛ ተምረው ተመለሱ። ወደ ምሥራቅ ጀርመን የሄዱት ላይፕዚግ ሄርደር ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ ተማሩ። ከ1970ዎቹ መግቢያ ጀምሮ ኩባ የጁቬንቱድ ደሴት የገቡት ሕፃናት ስፓኒሽ ያወቁት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። እነዚያ ሐኪሞች በየሆስፒታሉ ሲያክሙን ኖረዋል፤ «ቋንቋ ሳይችል የገባ ይወድቃል» የሚል ሰው አንዳቸው ዘንድ ታክሞ ሊሆን ይችላል። ዛሬም የቱርክ መንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል የሰጠውን ተማሪ ቱርክኛ አምጣ አይለውም፤ አንድ ዓመት ራሱ ያስተምረዋል። ቻይናም በቻይንኛ ለሚማረው የመሰናዶ ዓመት አላት። ራሽያ፣ ቱርክና ቻይና የቻሉት እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም የሚያቅተው በምን ምክንያት ነው? የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግዕዝ ማስተማር ሲጀምር፣ ተመዝጋቢውን ካናዳዊ «መጀመሪያ ሁለት ቤት ተቀኝ» አላለውም፤ ከፊደሉ ጀመረለት። ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስም በዚያው አቆጣጠር በ1652 ጎታ ከተማ ከጀርመናዊው ምሁር ከሂዮብ ሉዶልፍ ዘንድ ሲደርሱ የጀርመንኛ ማስረጃ የጠየቃቸው የለም፤ ሁለቱ በግዕዝ ተግባብተው ነው አውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የምታውቀውን የለወጠ ሥራ የሠሩት።

«ያለ አይልትስ ካናዳ! ያለ አይልትስ ጀርመን!» የሚል ማስታወቂያ ግን ደብረ ማርቆስ ላይም በየቴሌግራሙም ሞልቷል። አቶ ደላላ፣ ለልጁ የምትሸጥለት ነገር የራሱ ነው። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ መማሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ከተመረቀበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ራሱ ጠይቆ ያወጣዋል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ደብዳቤ በፈተና ምትክ ይቀበላሉ። የብሪታንያ ሕግም ለዲግሪ ትምህርት ዩኒቨርሲቲው የአመልካቹን እንግሊዝኛ በራሱ መንገድ እንዲመዝን ይፈቅዳል። ይህን የማይነግረው ደላላ ብሩን ይቀበለውና ወደዚያው ሬጅስትራር ይልከዋል። የባሰው ደግሞ የተሠራ ውጤት የሚሸጠው ነው። ውጤት በኢንተርኔት በቀጥታ ይጣራል፤ ብሪታንያ በሐሰት ሰነድ የተያዘን አመልካች 10 ዓመት ልታግደው ትችላለች። ቋንቋ የጎደለው በስድስት ወር ይሞላዋል፤ ያ እግድ ግን የወጣትነቱን ዘመን ይበላዋል። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልቀልድም።

«ሄዶ ለሚቀር ልጅ ምን ያደክምሃል?» የሚሉም አሉ። አያ፣ መጀመሪያ ይሂድ። የመቅረቱን ነገር ሲሄድ እንነጋገርበታለን።

«እስከዚያስ ልጁ ምን ያድርግ?» ይህ ነው ጥያቄ! የሚያመለክትበትን ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መስፈርት ገጽ ከማንም በፊት ራሱ ያንብብ፤ የአይልትስ ውጤት 6.5 የሚለው ለሁሉም ትምህርት ክፍል አይደለም። ደብዳቤውን ሳይመረቅ ጀምሮ ይጠይቅ፤ ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል አንድ ይሁን። ለቅበላ ክፍሉ በትሕትና ኢሜይል ጽፎ «ደብዳቤዬን ትቀበላላችሁ ወይ?» ይበል፤ ያልጠየቀ አይፈቀድለትም። የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሳለትም ይጠይቅ። እንግሊዝኛውን ደግሞ እንደ ቅኔ ተማሪ ይያዘው፦ በየቀኑ አንድ ገጽ ከራሱ አውጥቶ ይጻፍ፣ ማታ ለጓደኛው ድምፁን አውጥቶ ይንገረው፣ ጓደኛው ያርመው፣ በሚቀጥለው ቀን የጓደኛው ተራ ይሁን። ለዚህ ዶላር አያስፈልግም። ሁለት ሰው ይበቃል፤ የኩራዝ መብራትም ያሠራል።

ከልጁ አቅም በላይ የሆነውን ግን ልጁ ላይ አንጣለው። «ደብረ ማርቆስ ላይ የፈተና ማዕከል አይቻልም፣ ኮምፒዩተሩ፣ ጥበቃው፣ ኔትወርኩ» ይላሉ ባለሥልጣኖቹ። ክቡራን፣ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው በኮምፒዩተር ሲሰጥ ኖሯል፤ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም። የፈተና ክፍሉ አለ፣ ኮምፒዩተሩ አለ፣ ፈታኙ ሰልጥኗል። ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዓባይ በረሃንም አያሻግርም። የቀረው ከፈተናው ባለቤቶች ጋር የሚደረግ ውል ነው። ለመሆኑ ከሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ውሉን እንፈራረም ብሎ የጻፈ አለ? ከተጻፈ መልሱ ይነገረን፤ ካልተጻፈም በዚህ ሳምንት ይጻፍ።